ዳኝነቱ ሶዶ ይሁን

በሃምሳዎቹ ዓመታት መጨረሻ ሶዶ ከተማ ባለው ፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነበርኩ። ዳኛው በአማርኛ ይጠይቃሉ፣ ባለጉዳዩ በወላይትኛ ይመልሳል፣ እኔ መሐል ቆሜ የአንዱን ለሌላው አደርሳለሁ። ሥራ ስጀምር የተሰጠኝ ምክር አጭር ነበር፤ የተባለውን በል፣ አትጨምር፣ አትቀንስ። በዚህ እኮራ ነበር። ቃል ማጉደል እንደ ስርቆት ነበር የሚታየኝ።

አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ የአንድ የውጭ አገር ጥጥ ገዢ ኩባንያ ወኪል መጣ። ሰውየው ያገራችን ሰው ነው፤ ሙሉ ልብስ የለበሰ፣ ጨዋታው የሚጥም። ከሶዶ በታች ተበላ በምትባለው ቆላ ጥጥ የሚያመርቱትን ገበሬዎች ሊያዋውል ነበርና ፍርድ ቤቱን አስተርጓሚ ሲጠይቅ እኔን ላኩኝ። በጂፑ አብረን ስንወርድ ስለ ነፃ ንግድ አጫወተኝ። አገሮች በራቸውን ለንግድ ከከፈቱ ድህነት ይጠፋል፣ ኬላና ቀረጥ የድሮ ሰው ነገር ነው አለኝ። አመንኩት። እውነቱን ለመናገር ግማሹን ዛሬም አምናለሁ።

የገበያ ቀን ስለነበር ብዙ ገበሬ ገበያው ዳር ካለ ሾላ ሥር ተሰብስቧል። ወኪሉ «በነፃ ንግድ ጥጣችሁን በጥሩ ዋጋ እንገዛለን» ብሎ ጀመረ። ለ«ነፃ ንግድ» የተዘጋጀ የወላይትኛ ቃል አልነበረኝም። ትንሽ አሰብኩና «ማንም ሳይከለክለው ሰው ለወደደው የሚሸጥበት፣ ከወደደው የሚገዛበት ንግድ» አልኳቸው። ሰዉ ደስ አለው።

ከዚያ ወኪሉ ውሉን ሰጠኝ። አራት ገጽ ነው።

«የመጀመሪያውን ገጽ አንብብላቸው» አለኝ። «የቀረው የሕግ ቋንቋ ነው፣ ዝለለው።»

አነበብኩ። ሰዎቹ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ሊፈርሙ መሰለፍ ሲጀምሩ፣ ባሏ ሞቶባት ማሳውን ራሷ የምታርስ አንዲት ሴት «ሌላው ወረቀትስ ምን ይላል?» ብላ ጠየቀችኝ።

ወደ ወኪሉ ዞርኩ። «ጌታዬ፣ የቀረውን እየጠየቁ ነው።»

«ዝለለው አልኩህ እኮ።»

ከሥራዬ ሊያስባርረኝ እንደሚችል አውቃለሁ። ግን ሴትየዋ ዓይኗን ከአፌ ላይ አልነቀለችም። ገጹን ገለጥኩና አነበብኩ። ገበሬው ከኩባንያው በቀር ለማንም አይሸጥም፣ ለሶዶ ሸማኔም ቢሆን፤ ለራሱም አያስቀርም። ጠብ ከተነሣ ነገሩ የሚታየው ኩባንያው ባለበት አገር፣ ኩባንያው በሚመርጠው ዳኛ ነው፤ የኢትዮጵያ ፍርድ ቤት አይገባበትም።



«ማንም ሳይከለክለው ብለኸን አልነበር?» አለች ሴትየዋ። «ልጄን ስድር ለጋቢ የሚሆን ጥጥ ከገዛ ማሳዬ ባስቀር ልከሰስ ነው?»

«እንደ ወረቀቱ፣ አዎ» አልኳት።

አንድ ሽማግሌ በዱላቸው ተደግፈው ተነሡ። «እኔ ሶዶ ደርሼ ለመመለስ ቀኑ አይበቃኝም» አሉ። «ባሕር ማዶ በየትኛው እግሬ ልሂድ? ብሄድስ በአገሬ መሬት ስለበቀለ ጥጥ የሰው አገር ዳኛ ምን አግብቶት ይፈርዳል?»

ተረጎምኩለት። ወኪሉ ፊቱ ጠቆረ። «ካልፈረማችሁ ገሱባ እሄዳለሁ። እዚያ የሚፈርም ጥጥ አምራች ሞልቷል» አለ።

ሽማግሌው አልተቆጡም። «እንግዳው አይክፋው፣ መሸጡን እንፈልጋለን። የሚያስፈልገንን እናስቀር፣ የተረፈውን ይውሰድ። ከተጣላን ግን ዳኝነቱ ሶዶ ይሁን።»

ወኪሉ ጂፑን አስነሥቶ ጥሎኝ ሄደ። ያን ቀን ሶዶ የገባሁት በእግሬ ነው።

በማግስቱ የፍርድ ቤቱ ዋና ጸሐፊ አስጠሩኝ። ወኪሉ ከሶኝ ነበር።

«አንብብ ያለህ ማነው?»

«የሚፈርሙት ሰዎች ናቸው።»

«የጨመርከው አለ?»

«የለም።»

«የቀነስከውስ?»

«ቀንስ ተብዬ ነበር፣ አልቀነስኩም።»

የወኪሉን አቤቱታ አጥፈው መሳቢያ ውስጥ ከተቱ። ከዚያ «ወደ ሥራህ ሂድ» አሉኝ። ስወጣ ግን ፈገግታቸውን አይቻለሁ።

በዚያው ሳምንት ሽማግሌውና ሴትየዋ የገሱባን ገበሬዎች ቀድመው ለማስጠንቀቅ ብለው ሶዶ መጥተው አንድ የስልጤ ጅምላ ነጋዴ ዘንድ ገቡ። የጭነት መኪናው ወደ ገሱባ ይመላለስ ነበር። «ጥጡ ሁሉ ከሄደ ሸማኔው ሥራ ይፈታል፤ ሸማኔው ሥራ ከፈታ ከእኔ ሱቅ ማን ይገዛል?» አለና ሁለቱንም ከጨው ጆንያው ላይ ጭኖ በዚያ ኮረኮንች መንገድ ወሰዳቸው። ወኪሉ ገሱባ ሲደርስ ገበሬዎቹ ከሰላምታው ቀጥለው የጠየቁት የመጨረሻው ገጽ እንዲነበብላቸው ነበር። ሌላ ቆላም ሄዶ ሞክሮ ያው ሆነበት።

ወሩ ሳያልቅ አዲስ ውል ይዞ ተበላ ተመለሰ። አስተርጓሚውም እኔው ነበርኩ። በዚህ ጊዜ «ሁሉንም አንብብ» አለኝ። ገበሬው የሚያስፈልገውን ያስቀራል፣ ለሸማኔ ይሸጣል፣ የተረፈውን ኩባንያው ይገዛል፤ ጠብ ከተነሣ ሶዶ ባለው ፍርድ ቤት፣ በኢትዮጵያ ሕግ ይታያል። ሴትየዋ ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ። ከዚያ አውራ ጣቷን ከሁሉ ቀድማ አሳረፈች፤ ሴቶቹ እልል አሉ። እኔም የመንግሥት ሠራተኛ መሆኔን ረስቼ አጨበጨብኩ።

በቀጣዩ ዓመት ነገሩ ተፈተነ። የኩባንያው ሰዎች የተረከቡትን ጥጥ ሜዳ ላይ አሳድረው ዝናብ ሲመታው አንወስድም አሉ። ገበሬዎቹ ከሰሱ። ወኪሉ ከጠበቃ ጋር ሶዶ ድረስ መጣ። ሴትየዋ በወላይትኛ ተናገረች፣ እኔ ምንም ሳላጎድል ለዳኛው አደረስኩ። ዳኛው ውሉን አገላብጠው አነበቡና ኩባንያው የተረከበውን ጥጥ ዋጋ እንዲከፍል ፈረዱ።

ከችሎት ስንወጣ ወኪሉ ለሽማግሌው እጁን ዘረጋ። እሳቸውም ጨበጡት፣ «የከርሞውንም ትገዛናለህ አይደል?» አሉት። ሳቀና «እገዛለሁ» አለ። እኔና ገበሬዎቹ ደግሞ ከፍርድ ቤቱ በታች ካለች ሥጋ ቤት ገብተን፣ ሥጋችንን ዳታ በሚባለው የሚያቃጥል በርበሬያችን እያጠቀስን እስክንጠግብ በላን። በእድሜዬ እንደዚያ ቀን በአስተርጓሚነቴ ኮርቼ አላውቅም።