ማማ ሸምሳ «ዓይብ!» ሲሉ

ዐረብ አገር፣ አል ዐይን ከተማ፣ ማዳም ኑራ ቤት ሥራ የጀመርሁ ዕለት ከዐረብኛ የማውቀው «ኸላስ»፣ በቃ፣ እና «ፍሉስ»፣ ገንዘብ፣ የሚሉትን ብቻ ነበር። ኤጀንሲው ግን «ዐረብኛ አቀላጥፋ ትናገራለች» ብሎ ጽፎልኛል። ወሎዬ ነኝና አቀላጥፎ መናገሩስ አያቅተኝም፤ የቸገረኝ ቋንቋው ነው። ስሜን ዘነቡ ብላት፣ ማዳም እዚያው በር ላይ «ዘይነብ» አለችኝ። በዚያው ጸና።

ሥራዬ የማዳምን እናት፣ ማማ ሸምሳን መንከባከብ ነበር። ማማ የመርሳት በሽታ አለባቸው። ፊታቸው ላይ የሚያስሯትን ወርቅማ ቡርቃ ሳያደርጉ ከክፍላቸው አይወጡም፤ የልጃቸውን ስም ግን ረስተዋል። ማዳም የመድኃኒት ሳጥኑን፣ የደም ግፊት መለኪያውንና የዊልቸሩን ፍሬን አሳየችኝና ወደምታስተምርበት ትምህርት ቤት ሄደች።

ማማን ላጥባቸው ቀሚሳቸውን ገለጥ ሳደርግ «ዓይብ! ዓይብ!» ብለው ጮኹ። ደስ አለኝ፤ ለካ የአገሬን ቃል ያውቃሉ! ቁርስ አምሯቸው ነው ብዬ ወደ ማድ ቤት ሮጥሁ። ፍሪጅ ውስጥ ለስላሳ ነጭ አይብ ነበር፤ በማንኪያ ይዤ መጣሁ። ማማ ማንኪያውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ በሉት። ቀሚሱን እንደገና ገለጥ ሳደርግ እንደገና «ዓይብ!» አሉ። እንደገና ሮጥሁ። ማዳም ስትመለስ የአይቡ ዕቃ ባዶ ነው፤ ማማም አልታጠቡም።

ማዳም ነገሩን በስልኬ አስተርጉሜ ስነግራት ግድግዳ ተደግፋ ሳቀች። «ዘይነብ፣ ዓይብ እኮ ነውር ማለት ነው! አትግለጪኝ ነው የምትልሽ!»

«ታዲያ የሚበላውን ምን ትሉታላችሁ?»

«ጅብና።»

እንግዲህ ፍረዱኝ፤ አይቡ ነውር ሆኖ፣ የሚበላው ጅብ ነው።

ከዚያ ወዲያ ማማን ከአንገት እስከ እግር በፎጣ ሸፍኜ፣ ከሥር ከሥር ማጠብ ለመድሁ። ዛሬም ለአዲስ ተንከባካቢ መጀመሪያ የማሳየው ይህንን ነው። ማማ ግን ያን ቀን አልረሱትም። ስሜ ጠፍቷቸው ሲያዩኝ እንኳ «ጅብናዋ መጣች» ይሉ ነበር።

ሐኪማቸው ያለው አቡ ዳቢ ነው። «ሆስፒታል እንሂድ» ካልናቸው ከአልጋ አይነሱም። «መዲናት ዛይድ ገበያ ወርቅ ልንገዛ ነው» ስንላቸው ግን ቡርቃቸውን አስተካክለው በሩ ላይ ይጠብቁናል። ሐኪሙ ማዳመጫውን ሲያወጣ ማማ በጣታቸው መዘን መዘን አድርገው «ወርቁ ቀላል ነው፣ ሌላ ሱቅ እንሂድ» ይላሉ። አንድ ጊዜ አእምሯቸውን ሊፈትን «ማማ፣ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?» አላቸው።

«ነጋዴ ሆነህ ቀኑን አታውቅም?»

ሐኪሙ ሳቁን ዋጥ አድርጎ ጻፈ። ምን ብሎ እንደጻፈ እሱ ያውቃል።

ከዚያ ማማ ደረታቸውን ታመሙ፤ ትኩሳት ይዟቸው አል ዐይን ሆስፒታል ተኙ። ትኩሳቱ በረደ፣ አፋቸው ግን ተዘጋ። አይናገሩም፣ አይበሉም። የመዋጥ ችግር የምትመረምረው ባለሙያ መጥታ አየቻቸው። «ለስላሳ ነገር መዋጥ ይችላሉ፤ እምቢ ያሉት ራሳቸው ናቸው» አለች። የሆስፒታሉ ሐኪምም ሳትደብቅ ነገረችን፤ እስከ ነገ ካልበሉ በአፍንጫቸው የምግብ ቱቦ ይገባል፣ ቱቦውን እንዳይነቅሉት ደግሞ እጃቸው ይታሰራል።

ማዳም የእናቷን እጅ ይዛ «ይሄን እጅ ነው የምታስሩት?» አለችና አለቀሰች። እኔም አለቀስሁ። ተንከባካቢ በሽተኛ ፊት አያለቅስም የሚል ደንብ አለን፤ ያን ቀን ደንቡ አልሠራም።

ማንኪያ ይዘን ለመንናቸው። ማዳም «ዩማ፣ እናቴ» እያለች ለመነች። እኔ ዘፈንሁ፤ ነርሷ እንኳ አንገቷን በሩ ላይ ብቅ አድርጋ «ታማሚዎች አሉ» አለችኝ። ማማ ከንፈራቸውን እንደገጠሙ ቀሩ።

ጠዋት አንሶላቸው ረጥቦ ነበርና ልቀይርላቸው ገባሁ። ልቤ ቱቦው ላይ ስለነበር ፎጣውን ረስቼ የሆስፒታሉን ቀሚስ እንዲያው ገለጥ አደረግሁት።

«ዓይብ!» አሉ ማማ።

የስንት ቀን ዝምታ በነውር ተፈታ! «ሓድር፣ እሺ ማማ!» ብዬ ለቁርስ የመጣላቸውን አይብ በማንኪያ ይዤ ቀረብሁ። ማንኪያውን አዩ፣ እኔን አዩ። «አንቺ እብድ» አሉኝና ሳቁ፤ ሲስቁ አፋቸው ተከፈተ። ጎረሱ። ማዳም ቁጭ ካለችበት ተነሣች።

ሁለተኛውን ማንኪያ ለማዳም ሰጠኋት። አስተማሪ ናት፣ የእናቷን ቀሚስ መግለጥ ለሷ እውነተኛ ነውር ነው። ፊቷ ቀልቶ ጫፉን ትንሽ ብቻ አነሣች።

«ዓይብ!» ጮኹ ማማ። ማዳም አጎረሰቻቸው። ማማ አላምጠው ሲጨርሱ ወደኔ ዞሩ፤ በልጃቸው በጣም ተቆጥተዋል።

«ይቺን ባለጌ ማን ነው ያሳደጋት?»

ማዳም ሳቅና እንባ አንድ ላይ መጣባት። «አንቺ ነሻ፣ ዩማ» አለቻቸው።

ማማ ትንሽ አሰቡ። ከዚያ አፋቸውን ከፈቱላት።

ቱቦው ሳይገባ ቀረ፤ ማማም ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ዘዴው ሁልጊዜ አልሠራም፤ አንዳንድ ቀን «ዓይብ» ብለው በጥፊ ይሉኝ ነበር። ለዚህ ሥራ አዲስ ለምትመጡ እኅቶቼ የምለው አንድ ነገር ነው። የመድኃኒቱን ሰዓት ማንም ያሳያችኋል። በሽተኛችሁን የሚያስቀውን ነገር ግን ራሳችሁ ፈልጋችሁ አግኙ፤ ስማችሁ ሲረሳ የሚቀረው እሱ ነው።