አርባ ጊዜ የታኘከ ዳቦ

«ሰኞ ነበር፤ ሐምሌ አራት። አይ፣ ማክሰኞ ሳይሆን አይቀርም» ትላለች የባዮኬሚስትሪ መምህርቷ፣ የዚያን ጠዋት ነገር ባነሣች ቁጥር።

ለስኳር ምርመራ ክንዷን አሳስራ ተቀምጣለች። ከጎኗ ደማቸውን ሰጥተው የጨረሱ አንድ ሽማግሌ አሉ። የኮታቸው ክርን በሌላ ቀለም ክር ተጥፏል፤ ጫማቸው ግን እንደ መስተዋት ያበራል። ከኪሳቸው ቁራሽ ዳቦ አውጥተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በአውራ ጣታቸው ጉልበታቸውን እየመቱ ያኝካሉ።

«አባባ፣ ዳቦው ድንጋይ ሆነ እንዴ?»

ውጠው ሲያበቁ ፈገግ አሉ። «የለም ልጄ። አርባ ጊዜ ሲታኘክ ይጣፍጣል። ምራቅ ዳቦውን ፈትቶ ስኳር ያደርገዋል።»

«ኢንዛይም ነዋ! እኔ እኮ ሃያ ዓመት ሙሉ ሳስተምረው አንድ ቀን ቆጥሬ አኝኬ አላውቅም። ማን ነገረዎት?»

«እስር ቤት አብሮን የነበረ አንድ የሳይንስ አስተማሪ። በቀን አንድ ቁራሽ ነበር የሚደርሰን። ‹ስኳሩ ውስጡ ተኝቷል፤ አርባ ጊዜ አንኳኩበት› ይለን ነበር።»

መምህርቷ ክው አለች። ይህን አባባል ከአባቷ አፍ በቀር ከማንም ሰምታው አታውቅም። አባቷ ከምሳ ገበታ ተወስደው የቀሩት የዛሬ ሠላሳ ዓመት ነው፤ ይሙቱ ይኑሩ የነገራት የለም።

የአስተማሪውን ስም ልትጠይቅ አፏን ከፈተች። ልትነሣ ስትል ነርሷ፣ «እህቴ፣ መርፌው ክንድሽ ውስጥ ነው» ብላ ያዘቻት።

«በይ ልጄ፣ ጤና ይስጥሽ» ብለው ሽማግሌው ወጡ።

መርፌው ተነቅሎላት በሩ ላይ ስትደርስ ኮሪደሩ ባዶ ነበር። የተቀመጡበት ወንበር ላይ ፍርፋሪ እንኳ አልቀረም።