የዳማ መንጋጋ

ከሊል አንድ ነገር አይሆንለትም፤ ሲበላ የሚያየው ዓይን ካለ እህል በጉሮሮው አይወርድም። እንግሊዝ አገር፣ ፓርክ ሮያል በሚሠራበት የዳቦ ፋብሪካ በምሳ ሰዓት ፖላንዳዊውም ሶማሌውም የእሱን ሳይቀምስ አይነሳም፤ እምቢ ያለውን ያኮርፈዋል። ሱዳን በስደት ሳለ አንዲት ቂጣ ከስንቱ ጋር ሲካፈል የኖረ ሰው ነውና አይፈረድበትም። ቤቱም ሲገባ ያው ነው። ሚስቱ ዘሀራ በሕይወት ሳለች ድመቷን ዳማን አቀበጥካት እያለች ትቆጣው ነበር፤ ዞር ሲል ደግሞ ራሷ ታጎርሳታለች።

ዘሀራ ከሞተች ወዲህ ኤድመንተን ያለው ቤታቸው ጭር አለ። ልጃቸውን ዊጅዳንን ሐዘኑ አፏን ዘጋው፤ ከአባቷ ጋር ከሰላምታ ያለፈ ነገር አልነበራትም። የምታወራው ከእናቷ ድመት ከዳማ ጋር ነው። ከሊል በሩ ሥር ቆሞ ይሰማና፣ ለድመት ያልተነፈገ ወሬ ለእኔ ምነው ተነፈገ ብሎ ይከፋዋል። ቢሆንም ድምጿን መስማቱን ይወደው ነበር።

ዳማን መኪና የገጫት እዚያው ደጃፋቸው ላይ ነው። የታችኛው መንጋጋዋ አገጯ ላይ ለሁለት ተከፍሏል፤ ላንቃዋም ተሰንጥቋል። ሲያዩት ይሰቀጥጥ ነበር። ዘሀራ የገባችላት ኢንሹራንስ ስላልተቋረጠ የእንስሳት ሆስፒታል ወሰዷት። ቀዶ ሐኪሟ አገጯን በሽቦ አሠረችው፣ ላንቃዋን ሰፋችው፣ በአንገቷ በኩልም ወደ ጉሮሮዋ ቀጭን ቱቦ አስገባችላት። ምግቧ በጥብጠው በቱቦው የሚሰጧት ፈሳሽ ነው፤ አጥንቱ እስኪገጥም በአፏ ምንም እንዳይገባ ተባሉ።

በዚያ ሰሞን አባትና ልጅ እንደገና ማውራት ጀመሩ። እሷ ቱቦውን ስታጥብ እሱ ድመቷን ይይዛል፤ አያያዙ ሲጠፋበት ትስቅበታለች። መጀመሪያ የሳቀች ዕለት ከሊል ሽንት ቤት ገብቶ አለቀሰ።

ከዚያ ዊጅዳን ለሥራ ሥልጠና ማንቸስተር መሄድ ነበረባት። ስትወጣ በሩ ላይ ቆመች።

"አባ፣ በቱቦው ብቻ። በአፏ ምንም ነገር እንዳትሰጣት፣ ፕሮሚስ አድርግልኝ።"

ቃል ገባላት።

ሐሙስ ዕለት ዳማን በቱቦው አብልቶ ሲያበቃ ለራሱ ምሳ አቀረበ። ቅቅል ነበር። ድመቷ መጥታ እግሩ ሥር ተቀመጠችና፣ ቁስሏን እንዳትነካ አንገቷ ላይ በታሠረላት የፕላስቲክ ከለላ ውስጥ ሆና ትመለከተው ጀመር። መጥገቧን ያውቃል። ፊቱን አዞረ፤ እሷም ዞራ መጣች። የጎረሰውን መዋጥ አቃተው። በቱቦ የሚገባ ነገር መቼም ምግብ አይባልም፣ ጣዕሙን እንኳ ሳታውቀው አለ በልቡ። ከሥጋው ለስለስ ያለውን መርጦ በክር በክሩ አደረገና ሰጣት።

ሥጋው ሽቦው ላይ ተጠመጠመ። ዳማ አፏን ለመንካት ከለላውን በእግሯ ትቧጥጥ ጀመር። ከሊል ደንግጦ በጣቱ ሲስበው አንድ ነገር ቀጭ አለ፤ ደም መጣ። ደሙን ጠረገ፣ ወለሉን አጠበ፣ ምሳውን ደፋው። ማታ ዊጅዳን ስትደውል ደህና ናት፣ ተኝታለች አላት። ነገ እነግራታለሁ ብሎ ነበር። በማግሥቱ ስትደውል ግን ስለ ሥልጠናው፣ ስለ አዲስ ጓደኞቿ እየሳቀች አወራችው። ያንን ሳቅ ለማጥፋት አንጀቱ አልቻለም።

ዊጅዳን ስትመለስ ዳማ ትንፋሽ እያጠራት ደረቷ ሲር ሲር ይላል። ወዲያው ሆስፒታል ወሰዷት። ሽቦው ተበጥሷል፣ የላንቃዋ ስፌት ተተርትሯል፣ ደምና ምራቅ ሳንባዋ ገብቶ መርቅዟል አለች ሐኪሟ። በአፏ የተሰጣት ነገር ነበር ወይ ብላም ጠየቀች። ዊጅዳን አባቷ እስኪመልስ አልጠበቀችም። አባቴ እንዲህ ያለ ነገር አያደርግም ብላ ተቆጣች፤ ሽቦውን በደንብ ያላሠራችሁት እናንተ ናችሁ እስከማለት ደረሰች።

ከሊል ስንት ዓመት የተናገረው እንግሊዝኛ ድንገት ጠፋበት። በአማርኛ፣ ለልጁ ብቻ፣ "ሥጋ ሰጥቻታለሁ፣ ሐሙስ ዕለት" አላት።

ዊጅዳን ዞር ብላ አየችው። "ሐሙስ ደውዬ ጠይቄህ ነበር እኮ።"

የሰማችውን በእንግሊዝኛ ለሐኪሟ ነገረቻት። ዳማ ሐሙስ መጥታ ቢሆን ትድን ነበር ወይ ብላ ሐኪሟን ጠየቀቻት። ሐኪሟ ከሊልን ቀና ብላ አየችውና፣ ምናልባት አለች።

ከዚህ በኋላ ማከሙ ማሰቃየት ነው ስለተባለ ዳማ በመርፌ እስከ ወዲያኛው እንድታንቀላፋ ተወሰነ። ዊጅዳን ብቻዋን ታቅፋት ቆየች፤ አባቷን ውጭ ጠብቀኝ ብላው ነበር። ሲመለሱ አውቶቡስ ውስጥ ባዶውን የድመት ሣጥን ጭኗ ላይ አቅፋ ተቀመጠች።

ቤት እንደገቡ ምግብ ሠራች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ፣ ቤት ካሉ፣ ከአባቷ ጋር ከአንድ ሳህን ሳትበላ የቀረችበት ቀን የለም፤ እናቷን የቀበሩ ዕለት እንኳ አብረው ነው የቀመሱት። ያን ቀን ግን የእሱን ለብቻ አቀረበችለትና የራሷን ይዛ ክፍሏ ገባች።