ጣልቃ ያልገባሁበት ጠብ

ከሥራ ስገባ አዲሱን ዓሣዬን ክንፉ ተበጫጭቆ አኳሪየሙ ጥግ ተጋድሞ አገኘሁት።

ክላውንፊሽ ይባላሉ፤ ነጭ መቀነት ያላቸው ብርቱካናማ የጨው ውሃ ዓሦች። ቤት ያለችው ብቻዋን ሆና ስላሳዘነችኝ፣ ትናንት ቁመቷን የሚያህል ባል መርጬ አመጣሁላት። ጋብቻ ከእኩያ ነው ብዬ!

ጠዋት መነካከስ ሲጀምሩ ባለቤቴ «ኧረ ለያያቸው፣ ልትገድለው ነው» አለችኝ።

«በባልና ሚስት መሀል ማን ይገባል?» ብዬ እየሳቅኩ ታክሲ ልሰለፍ ወጣሁ። (የጀሞን የጠዋት ሰልፍ ለምታውቁ፣ እሱም ከዓሦቹ ጠብ ብዙ አይሻልም።)

አሁን ገና ሳነብ፣ ለካ ትልልቆቹ ሴቶች ናቸው፤ ባል የሚሆነው ትንሹ ነው። ሁለት ትልልቅ አንድ ላይ ከገቡ አንዷ እስክትሞት ሊነካከሱ ይችላሉ። እኔ ባል ብዬ ያመጣኋት ጣውንት ኖራለች።

ለብቻዋ ባልዲ ውስጥ አድርጌያታለሁ። ትተነፍሳለች፣ ግን አትበላም።

ባለቤቴ አልተቆጣችኝም። ባልዲውን እያየች «ከላይ ፎቅ ያለችው ሴትዮ ባሏ እየመታት ስትጮህም እኮ እንዲሁ ነው የምትለው» አለችኝ።



እስቲ እናንተም ንገሩኝ፤ «እኔን አያገባኝም» ብላችሁ ያለፋችሁት ጩኸት አለ?