ሁለቱ እናቶቼ ያልተጠያየቁት

ጅግጅጋ ውስጥ ሁለት እናቶች ናቸው ያሳደጉኝ። አንዷ የወለደችኝ፣ ከአባቴ ጋር ከሸዋ መጥታ ሱቅ የከፈተችው ናት። ሌላዋ በአንድ ግድግዳ የምንዋሰናቸው ሶማሌ ጎረቤታችን ናቸው፤ ኤዶ እላቸዋለሁ፣ አክስቴ ማለት ነው። እናቴ ሱቅ ስትውል እኔ የምውለው ኤዶ ቤት ነበር። ደርግ ሲወድቅ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ አማርኛንም ሶማሊኛንም እኩል እናገር ነበር።

እንግዳ ልጅ እንደነበርኩ አልክድም። የሰው ዓይን አላይም። ካልጠየቁኝ አላወራም፣ ከጀመርኩ ደግሞ ስለ ጭነት መኪና ጎማ ብቻ ነው። አንድ ቀን ኤዶ ባቢሌ ገበያ ወስደውኝ ጫጫታው ሲበዛብኝ ጆሮዬን ይዤ መኪና ሥር ገባሁ፤ ሾፌሩ እየተሳደበ ጎትቶ አወጣኝ። እናቴ ለዘመዶቿ፣ "ሶማሌዎች ናቸው ያሳደጉት፣ የእኛን ወግ ከየት ያምጣው" ትላለች። ኤዶ ደግሞ ለጎረቤቶቻቸው፣ "ሀበሻ እኮ ነው፣ ምን ይደረግ" ይላሉ። ሁለቱም በፍቅር ነው የሚሉት። እኔም አመንኳቸው።

ስለዚህ ወግ ማጥናት ያዝኩ። ሶማሌ ዘንድ ጉዳይህን ከመናገርህ በፊት ስለ ሰላሙ፣ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ ጠይቅ። ሀበሻ ዘንድ ብላ ሲሉህ ሁለት ጊዜ እምቢ በል፣ በሦስተኛው ቁረስ። ሁሉንም እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ በቃሌ ያዝኩት። ሰው ሁሉ እንዲሁ አጥንቶ የሚኖር ይመስለኝ ነበር።

አድጌ አንድ የግል ክሊኒክ ውስጥ አስተርጓሚ ሆንኩ። ሐኪሞቹ ከመሀል አገር የመጡ ናቸው፤ ታካሚዎቹ አብዛኞቹ ሶማሊኛ ብቻ ነው የሚናገሩት። ሐኪሙ ያለውን እላለሁ፤ አልጨምርም፣ አልቀንስም። በዚህ እኮራ ነበር፣ አሁንም እኮራለሁ።

ጣጣው የመጣው በሠላሳ ሰባት ዓመቴ ነው። ሐኪሙ አንዲት ታማሚ አልጋ አጠገብ ቆሞ ሕመሟ ካንሰር እንደሆነና መድኃኒት እንደሌለው በአማርኛ ነገረኝ። በር ላይ ለቆመው ወንድሟ ዘወር አድርጌ እንዳደርስለት ነበር ሐሳቡ። ሌላ ሰው ቢሆን ሳይነገረው ይገባዋል። እኔ ወደ ሴትየዋ ዞሬ ቃል በቃል ነገርኳት። ወንድሟ ገብቶ፣ "ይሄ ሀበሻ ልብ የለውም" አለ። ሐኪሙም ኮሪደር ላይ፣ "ሶማሌ ነው ያሳደገው፣ መርዶ እንዴት እንደሚነገር አያውቅም" ሲል ሰማሁት። ሴትየዋ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ያ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የክሊኒኩ ባለቤት ጠራኝ። "ከማስተርጎም ላነሳህ ነው። ግን መጀመሪያ አማካሪዋን አነጋግር" አለ። አማካሪዋ በወር ሁለት ጊዜ ከሐረር የምትመጣ የሥነ ልቦና ባለሙያ ናት፤ እንደኔ በሁለት ባህል መሀል ያደጉ ብዙ ሰዎችን ታነጋግራለች። ከማስተርጎም ሌላ የምችለው ሥራ አልነበረኝም። ፈራሁ።

ገብቼ የሁለቱንም ወገን ደንቦች አንድ በአንድ ዘረዘርኩላት። አርባ ደቂቃ ፈጀ። ሳታቋርጠኝ ሰምታ፣ "ከሁለቱ ሳያስቡበት የሚመጣልዎት የትኛው ነው?" አለችኝ።

"አንዱም።"

"ኤዶ ቤት ሲሆኑ ያርፋሉ?"

"አላርፍም። እናቴም ቤት አላርፍም።"

"በሁለት ባህል ያደገ ሰው ይምታታበታል፣ ግን ቢያንስ አንዱን ሳያጠና ያውቀዋል" አለች። "እርስዎ ሁለቱንም እንደ እንግዳ ነው የተማሩት። እናቶችዎን ያምጡልኝ።"

አመጣኋቸው። አንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለ ልጅነቴ ተጠየቁ፤ ስለ ዓይኔ፣ ስለ ጎማው፣ ስለ ባቢሌው። እናቴ መሀል ላይ ወደ ኤዶ ዞረች። "እኔ እኮ ያንቺ ቤት ጠባይ ነው ብዬ ነበር።"

ኤዶ ደነገጡ። "ወላሂ እኔ የእናንተ አገር ጠባይ ነው ብዬ፣ እንዳላስቀይምሽ ዝም አልኩ።"

ከሠላሳ ዓመት በላይ በአንድ ግድግዳ ተጎራብተው፣ ላለመቀያየም ሲሉ አንድ ቀን እንኳ አልተጠያየቁም። ሳቁ፣ ከዚያ ተቃቅፈው አለቀሱ። ጉዳዩ የእኔ መሆኑን የረሱት ስለመሰለኝ ትንሽ ተናደድኩ።

አማካሪዋ አዲስ አበባ ወደሚገኝ የአእምሮ ሐኪም ላከችኝ፤ እሱም ኦቲዝም መሆኑን አረጋገጠ። ቃሉን የማውቀው ለሕፃናት ሲባል ነበር። አላዘንኩም። የሁለት ሕዝብ ወግ ያለ አስተማሪ በቃሌ ያጠናሁ ሰው እንደሆንኩ ገባኝ፤ በአውቶቡሱ እስክመለስ ድረስ ኩራቴ አላስተኛኝም።

ከአማካሪዋ ጋር አንድ አሠራር አወጣን። ሐኪሙ ከመናገሩ በፊት ታካሚውን፣ "ይህን ማን ይስማ?" ብዬ እጠይቃለሁ። የክሊኒኩ ባለቤት ከንፈሩን ነክሶ ለሙከራ ሦስት ወር ሰጠኝ።

በሁለተኛው ወር ከደምበል ወረዳ አንድ በጠና የታመሙ ሽማግሌ መጡ። ልጆቻቸው ኮሪደር ላይ ይዘውኝ፣ "ሐኪሙ የሚለውን አለዝብለት" አሉኝ። እንደማልችል ስነግራቸው የክሊኒኩን ባለቤት ጠርተው አመጡት። እሱም በር ላይ ቆሞ ያየኝ ጀመር። ነገሩ ከተበላሸ የዚያን ቀን እንደምባረር አውቄያለሁ።

"ይህን ማን ይስማ?" ብዬ ሽማግሌውን በሶማሊኛ ጠየቅኳቸው።

"እኔ። ልጆቼ ሲደብቁኝ ከረሙ" አሉና እጄን ሊይዙ እጃቸውን ዘረጉ።

"እጅ መያዝ ይከብደኛል፣ ንቀት አይደለም" አልኳቸው። ለማላውቀው ሰው እንዲህ ስል የመጀመሪያዬ ነበር። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ መልሰው፣ "ይሁን፣ ንገረኝ" አሉ።

ሐኪሙ አምስት ዓረፍተ ነገር ተናገረ። እኔም አምስት ተናገርኩ።

"ያስቀረኸው አለ?" አሉኝ ሽማግሌው።

"የለም።"

ቀና ብለው ተቀመጡ። ከዚያ፣ "እንግዲያው ልጆቼን ጥሩልኝ፤ ሳልሞት የምነግራቸው አለኝ" አሉ።

ይህንንም ሳልቀንስ ለሐኪሙ በአማርኛ አልኩት። ልጆቹን ሊጠራ የሄደው ባለቤቱ ራሱ ነበር።