ልጅ ሳይዙ የሚሰለፉት እማማ

በዚንደር ከተማ ጤና ጣቢያ የክትባት ቀን ሲደርስ እኚያ አሮጊት ሰማያዊ ሻሻቸውን አስረው፣ ልጅ ሳይዙ ከእናቶቹ መሐል ይቀመጣሉ። ነርሷ ሁሬራ ስማቸውን አታውቅም፤ ዓይናቸውን ግን ታምነዋለች። ዛሬም የአንዱን ሕፃን ጆሮ ገለጥ አድርገው አዩና እናቱን፣

«ትኩሳት፣ ሳል፣ የቀላ ዓይን፣ ይኸው ሽፍታው ከጆሮው ጀርባ ጀምሯል። ኩፍኝ ነው! ተነሺ፣ ከሕፃናቱ ራቅ በይ» አሏት።

«እማማ፣ ነርሷ እኔ ነኝ እኮ!» አለች ሁሬራ እየሳቀች፤ ልጁንም ከነእናቱ ለይታ ወደ ሌላ ክፍል አስገባችው።

«እሱማ ነሽ። በእኛ ጊዜ ክትባት የት ነበር? ኩፍኝ ይዞት እስኪድን ድረስ ልጅ ከልጅ አይቆጠርም ነበር።» በትዝታ ፈገግ አሉ። «ግቢያችን ግን እንዴት ይንጫጫ ነበር መሰለሽ!»

«ስንት ወለዱ?»

«የቆጠርኳቸው ሁለት ናቸው።»

ሁሬራ መርፌዋን አዘጋጅታ ቀጣዩን ሕፃን ጠራች።