እናቴ የመረቀቻት ተወዳዳሪ

ወንድሜ በረንዳው ደረጃ ላይ ቆሟል። ሚስቱ የሳሎኑን በር ደገፍ ብላ እጇን አጣምራለች። የቅስቀሳ ኃላፊው ከግቢው መሃል ስልኩን በሁለት እጁ ከፍ አድርጎ ይዟል። ድምፅ ማጉያው ገና ያልወረደለት ሚኒባስ አጥሩ ሥር ቆሟል፤ ሾፌሩ ተደግፎታል። እናቴ ጥግ ላይ፣ ፀሐይ ወዳለበት፣ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጣለች፤ እግሯ ሥር ከእኔ ቤት ይዛው የመጣችው ሻንጣ አለ። እኔ የውጭውን በር አልፌ ገና መግባቴ ነበር። ቦታው ገርጂ፣ የወንድሜ ግቢ ነው፤ የምርጫው ውጤት በተለጠፈ ማግስት።

የመጣሁት እናቴን ልወስድ ነው። ጠዋት የወንድሜ ሚስት ደውላ፣ “እትዬ፣ ይምጡና እናትዎን ይውሰዱልን” አለችኝ። ከምርጫው በፊት “እማማ ከእንግዲህ የትም አይሄዱም፤ ቦታቸው ልጃቸው ቤት ነው” ያለችኝ እሷው ነበረች። ምን እንደ ተፈጠረ አልጠየቅኋትም። ጫማዬን አደረግሁ።

እናቴ ዘጠና ዓመት ሊሞላት ጥቂት ነው የቀራት። የምትኖረው ከእኔ ጋር የካ አባዶ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ወንድሜ ለበዓል ይደውልላት ነበር። ለፓርላማ ሊወዳደር የወሰነ ሰሞን ግን አንድ እሑድ በአካል መጣ። ደረጃውን ሲወጣ ሁለት ጊዜ አርፏል።

“እንዴት ነው እዚህ ድረስ የምትወጣው?” አለኝ።

“አትወርድም። ስለዚህ አትወጣም።”

“አይ እትዬ! እናት የምትጦረው በወንድ ልጇ ቤት ነው። ባህላችን ነው።”

ባህላችን እስከዚያ ድረስ የት ከርሞ እንደ ነበር ልጠይቀው አሰብኩና ተውኩት። እናቴ ደስ ብሏታል። ልጇ ፈልጓት መጥቷል። ሻንጣዋን አዘጋጅቼ እስከ መኪናው ድረስ ደግፌ አወረድኳት።

ከዚያ በኋላ ያየኋት ፖስተር ላይ ነው። ወንድሜ በጉልበቱ ተንበርክኳል፤ እናቴ ጥልፍ ቀሚስ ለብሳ እጇን ራሱ ላይ ጭናለች። ከሥሩ “የእናቱን ምርቃት ይዞ የመጣ” ተብሎ ተጽፏል። ልጠይቃት ስሄድ ከግቢው ጀርባ ሰርቪስ ቤት ውስጥ፣ ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ አገኘኋት። የለበሰችው እኔ የገዛሁላትን አሮጌ ሹራብ ነው።

“ቀሚሱስ?” አልኳት።

“ቁም ሳጥን ውስጥ ነው። ለስብሰባ ይፈለጋል፣ እንዳይቆሽሽ ብለዋል።”

የዚያን ዕለት ወደ ቤቴ ስመለስ ጉርድ ሾላ ላይ ከሚኒባሱ ጋር ተገጣጠምኩ። ወንድሜ ከጎኑ ቆሞ ማይክራፎን ይዟል። ትዳር ይከበር፣ ታላቅ ይከበር፣ ልጃገረድ በጊዜ ቤቷ ትግባ ይላል። ቀጥሎም፣ “እናት ፎቅ ላይ ተጥላ ልጅ የሚዝናናበት ዘመን ይብቃ!” አለ። ፎቁ የእኔ ፎቅ ነው። አንድ የታክሲ ረዳት በመስኮት ብቅ ብሎ፣ “ፋዘር፣ ማዘርን ለቀቅ አድርጋቸውና የውሃውን ነገር ንገረን! ሰፈራችን ቧንቧ ከተነፈሰ ስንት ጊዜው ነው?” ሲል የታክሲ ሰልፍ ላይ የነበረው ሁሉ ሳቀ። ወንድሜ እኔን አይቶኛል። ፊቱን ወደ ማዶ አዙሮ ቀጠለ። እኔም ተራዬ ሲደርስ ተሳፈርኩ።

ወንድሜ በቀረበበት የምርጫ ክልል ከሚወዳደሩት መካከል መድኃኒት ቤት ያላት ሴት ነበረች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቤት ለቤት ስትዞር ወንድሜ ግቢ ደረሰች። ወንድሜ አልነበረም። የግቢው ዘበኛ እንግዳ ከደጅ መመለስ ነውር መስሎት አስገባት። ሴትዮዋ እናቴን ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ስታያት ወረቀቶቿን ለዘበኛው አስይዛ ጎንበስ አለችና ጉልበቷን ሳመች።

ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን የሳማትን ሰው እናቴ ሳትመርቅ ሰድዳ አታውቅም። ቆጣሪ የሚያነበውን መርቃለች። ቤት ኪራይ ፈላጊ ደላላ ሳይቀር መርቃለች። ማነህ ብላ አትጠይቅም፤ ጎንበስ ማለቱ ይበቃታል። ሴትዮዋንም፣ “ያሰብሽው ይሙላልሽ፤ ከፊትሽ የሚቆም አይኑር፤ ከሰው በላይ ያውልሽ” አለቻት። በአጥሩ ማዶ ልብስ ታሰጣ የነበረች ጎረቤት ጮክ ብላ አሜን አለች፤ ወሬውንም ያወጣችው እሷ ናት። በማግስቱ ገርጂ ሥጋ ቤት በር ላይ ሳይቀር “የፖስተሩ እጅ ለባለ መድኃኒት ቤቷ ሠራ” እየተባለ ተሳቀ።

ወንድሜ ተሸነፈ። ያሸነፈችው እሷ ናት።

ሌላ ሰው ቢሆን በመንገዱ ወይም በውሃው ያሳብብ ነበር። ወንድሜ ግን ሲሰብክ የከረመውን ያምናል። የእናት ምርቃት ሰውን ወንበር ላይ ያወጣል ብሎ ከተነሳ፣ የጣለውም ያው ምርቃት መሆን አለበት። ስለዚህ ጥፋተኛዋ ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች።

“በጊዜ መጣሽ፣ እትዬ” አለኝ ከደረጃው ላይ። “አንድ ነገር ትናገርልንና ትወስጃታለሽ።”

“ምንድን ነው የምትናገረው?”

የመለሰልኝ የቅስቀሳ ኃላፊው ነው። “ቀላል ነው እትዬ። እማማ እዚህ ስልክ ላይ፣ ሴትዮዋ አታልላ አስመረቀችኝ፣ ምርቃቴን አንስቻለሁ ይላሉ። ለምርጫ ቦርድ ለምናቀርበው ቅሬታ ማስረጃ ይሆነናል። ሰዉም ይየው።”

ወደ እናቴ ጠጋ ብሎ ስልኩን ፊቷ ላይ ደቀነ። እናቴ ብርሃኑ ዓይኗን ስለ ወጋት እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች።

“እማማ፣ እጅዎትን ያውርዱ፤ ፊትዎ አይታይም።”

“የትኛዋ ሴትዮ ናት?” አለች እናቴ።

“ያቺ የመረቅሻት!” አለ ወንድሜ።

“እ፣ እሷ? ደህና ልጅ ናት። የደም ግፊቱን ኪኒን በባዶ ሆዴ እንዳልውጥ ነግራኛለች።”

ሾፌሩ ሳቁን በሳል ሸፈነ።

“እማዬ፣ እኔን አሸንፋ ነው እኮ የገባችው!”

“እንግዲህ አግዛታ” አለችው።

የወንድሜ ሚስት ከበሩ ሆና፣ “እማማ፣ ሁለት ቃል ናት፤ ይበሉና እንገላገል። ጎረቤቱ ሁሉ ይስቅብናል” አለች።

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። “ምርቃት ይነሳል እንዴ?”

“አይነሳም” አልኳት።

“እትዬ፣ አንቺ አትግቢበት!” አለ ወንድሜ። ከደረጃው ወርዶ ወንበሯ ፊት ቆመ። ኮቱ እናቴ ላይ ጥላ ጣለ። ቀና ብላ ብዙ አየችው። እንደ ተከፋ ገብቷታል፤ ልጇን ታውቀዋለች።

“ከፍቶሃል” አለችው። “ና፣ ጎንበስ በል። አንተንም ልመርቅህ።”

እጇን ዘረጋች። እጇ ራሱን ፍለጋ አየር ላይ ቆየ።

ወንድሜ ወደ ኃላፊው ዞረ። “እየቀረጽክ ነው?”

“አዎ።”

“አጥፋው። ይሄ አይጠቅመንም።” ከዚያ ወደ እናቴ ተመለሰ። “መጀመሪያ ያልኩሽን በይ። ከዚያ ጎንበስ እላለሁ።”

ይህንን ልጅ አዝዬ ነው ያሳደግሁት። አስጠላኝ።

የእናቴን እጅ ከአየር ላይ ተቀብዬ ትከሻዬ ላይ አደረግሁትና አስነሳኋት። ሻንጣውን በሌላው እጄ ያዝኩ። ማንም አላገዘኝም፤ ማንም አልከለከለኝም። ኃላፊው ስልኩን ኪሱ ከተተ።

“ወደ ቤታችን ነው?” አለችኝ እናቴ።

“አዎ።”

ሾፌሩ ቀድሞን ሄዶ የውጭውን በር ከፈተልን። ወጣን።